ስሙ ያልተነገረኝ ሥር

መቀነት ስታጠቅ ነው የታወቀኝ። በቀኝ በኩል፣ ከጎድን አጥንቴ በታች፣ ጨርቁ ሲያርፍበት የሚከብደኝ ቦታ ነበር። ሕመም ልለው አልችልም። ረጅም መንገድ ዕቃ ተሸክሞ የዋለ ትከሻ ላይ የሚቀረውን ድካም ይመስላል፤ ብቻ ቦታው ትከሻ አልነበረም። መቀነቱን አላላሁት። ቆይቶም ጨምሬ አላላሁት። በመጨረሻ መታጠቁን ተውኩትና ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ።

ይህን የምጽፈው ጉበታችሁ ላይ እባጭ ተገኘ ለተባላችሁ፣ ወይም እንዲህ የተባለ ሰው ለምታስታምሙ ነው። እኔም በዚያ ሰሞን የሚነበብ ነገር ፈልጌ ነበር። ያገኘሁት ወይ ለሐኪም የተጻፈ ነው፣ ወይ መድኃኒት ሻጭ የጻፈው ነው።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የስልክ ማዞሪያ ኦፕሬተር ነበርኩ። ጎንደር ላይ ስልክ በእጅ በሚገናኝበት ዘመን የብዙ ሰው ነገር በጆሮዬ አልፏል፤ አንዱንም አውጥቼ አላወራሁም። ይህን የማነሣው ለጉራ አይደለም። ኋላ የሚመጣው እንዲገባችሁ ነው።

መጀመሪያ ጨጓራ ነው ተባልኩ። የጨጓራ ክኒን ዋጥኩ። ቀሚሶቼ ሲሰፉኝ መቅደስ አየችኝ። መቅደስ የሟች እህቴ ልጅ ናት፤ እኔ ነኝ ያሳደግኋት፣ ቁስቋም ባለው ቤቴም አብራኝ ትኖራለች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በቤተ ሙከራ ትሠራለች። እምቢ ብላት እጄን ይዛ አልትራሳውንድ ወሰደችኝ።

ባለሙያው ስለ አየሩ ያጫውተኝ ነበር። በቀኝ በኩል ሲደርስ ዝም አለ። ጄሉን እንደገና ቀባኝና በዚያው ቦታ ላይ መላልሶ አየ።

ከዚያ በኋላ የደም ምርመራው መጣ፤ አልፋ ፌቶ ፕሮቲን የሚባለው ከልክ በላይ ነበር። ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ሐኪሜ ወጣት ነው፤ ቀስ ብሎ ይናገራል። ሄፓቶሴሉላር ካርሲኖማ አለ። አማርኛውን ጠየቅሁት።

«የጉበት ካንሰር ነው፣ እናቴ።»

ምንም አልተሰማኝም። ወንበሩ ይቀዘቅዝ ነበር። ያን አስታውሳለሁ።

በደሜ ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ የሚባል ቫይረስ መገኘቱንም ነገረኝ። ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ምናልባት ከተወለድኩ ጀምሮ ሳላውቀው አብሮኝ ኖሯል። ለእሱ ቴኖፎቪር የተባለ ክኒን አዘዘልኝ። ቀጥሎ የተናገረውን ግን ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«እባጩ አንድ ነው፤ በአንድ ጥግ ነው ያለው። አዲስ አበባ ቆርጠው ሊያወጡት ይችላሉ። ጉበት ሲቆረጥ የቀረው ተመልሶ ያድጋል። ግን የሚያድገው ጤነኛ ከሆነ ነው። አሁን ጤነኛ ነው። ቀሪውን ጉበት ይጠብቁልኝ፤ መዳኛዎ እሱ ነው።»

ቀሪውን ጉበት ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የቀዶ ሕክምና ወረፋ ስጠብቅ የማርያም ማኅበር ተራ ደረሰኝ። ታላቅ ወንድሜ አያ ደርሶም መታመሜን ሰምቶ ከመካነ ብርሃን ወርዶ ነበር። አያ ደርሶ ገበሬ ነው፤ በጎችም አሉት። ከአባታችን የወረሰው መድኃኒትም አለው። በእኛ ዘንድ መድኃኒት አዋቂ ስሙን አይናገርም፤ ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይሄዳል ይባላል። አባታችን እንኳ ለአያ ደርሶ ያሳየው ሊሞት ሲል፣ ጣቱን ቀስሮ ነው እንጂ በአፉ አልጠራውም። አያ ደርሶም እንዲሁ አድርጎ ለበኩር ልጁ ሊያወርሰው ይጠብቃል።

ማኅበርተኞቹ ጠላው ሞቅ ሲያደርጋቸው ወደ መቅደስ ዞሩ። ከእነሱ አንደኛዋ፣ ምላሷ የሚፈጥን ባልቴት ናት፣ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሪ ነው ባል ያልመረጥሽው አለቻት። መቅደስ የጉበት ካንሰር ሴል እንደምታሳድግ ነገረቻት።

«ሰው ሊያጠፋው ይለፋል፣ ይቺ ታሳድገዋለች!» አለች ባልቴቲቱ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ።

መቅደስ ግን በቁም ነገር አስረዳቻቸው። ሴል ማለት የሰውነታችን ጥቃቅን ክፍል መሆኑን፣ ከበሽተኛ የተወሰደው የካንሰር ሴል በትንሽ ፕላስቲክ ሳህን ላይ ምግብ እየተሰጠው እንደሚባዛ፣ እሷም ከቅጠልና ከሥር ተጨምቆ የወጣውን ንጥረ ነገር ጠብ እያደረገች የሚሆነውን በማይክሮስኮፕ እንደምታይ ነገረቻቸው። አያ ደርሶ መብላቱን ትቶ ያዳምጥ ነበር።

«እና ምን ሆኑ?» አላት።

«አንደኛው ተክል የካንሰሩን ሴል ገደለው» አለች።

እልልታው ተነሣ። እኔ ታምሜ፣ በእኔ ቤት፣ በማርያም ቀን፣ የጉበት ካንሰር የሚገድል ተገኘ ሲባል ማን ዝም ይላል? ከጓዳ ያሉትም ምን እንደተባለ ሳይሰሙ ተቀበሉ። በዚያ መሐል የመቅደስ አፍ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። የምትለው አልተሰማም። ወዲያው ቄሱ ለጸሎት ተነሡና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ኋላ የተክሉን ስም ቢጠይቋት፣ ጥናቱ ሳይታተም ስም እንዳትናገር መታዘዟን ነገረቻቸው። አያ ደርሶ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ዩኒቨርሲቲውም ደንቡን የሚያውቅ መሰለው።

በማግስቱ ማለዳ ጓሮ ጠራኝ። በጨርቅ የተቋጠረ ዱቄት በእጄ አስቀመጠ።

«በማር ለውሰሽ፣ በውኃ በጥብጠሽ፣ በባዶ ሆድሽ። አትጠይቂኝ። ለማንም እንዳትነግሪ፤ ለልጅቱም ቢሆን።»

አልጠየቅሁም። ሳይናገሩ መኖር ሥራዬ ነበር።

ወንድሜ ብቻ ቢሰጠኝ አልጠጣውም ነበር፤ ተምሬያለሁ፣ ሐኪሜንም አምነዋለሁ። መቅደስ ብቻ ብትናገርም የቤተ ሙከራ ወሬ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ሁለቱ ግን በአንድ ሰሞን ቤቴ ውስጥ ተገናኙ። የአባቴ መድኃኒትና የልጄ ትምህርት አንድ ነገር የተናገሩ መሰለኝ። ጠጣሁት።

መጀመሪያ ተሻለኝ። እንቅልፍ ከራቀኝ ቆይቶ ነበር፤ መጣልኝ። ዱቄቱ ሲያልቅ አያ ደርሶ በመንገደኛ እየላከ ተካልኝ፤ ሁለተኛው ቋጠሮ ከፊተኛው ይበልጥ ነበር። ከዚያ የምግብ ፍላጎቴ ጠፋ። ቆዳዬ ያሳክከኝ ጀመር። ሽንቴ እንደ ወፈረ ሻይ ጠቆረ። ይህንን ሳይ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ፤ በሽታው እየወጣ ነው አልኩ። ደስ አለኝ።

ያየችኝ ጎረቤቴ ዘምዘም ናት። የእነ ዘምዘም ቤተሰብ ከአያት ጀምሮ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ለአዲስ አበባው መንገድ የሌሊት ልብስ ላሰፋልሽ ብላ ነጭ ፖፕሊን ይዛ መጣች፤ ልትለካኝ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝና ጨርቁን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ከዚያ እጇ ቆመ።

«ምነው አልጋነሽ፣ በቤትሽ መስታወት የለም እንዴ?» አለች። «ቢጫ ጨርቅ ስሸጥ ነው የኖርሁት፤ ቢጫ ዓይን ግን አላማረብሽም። በይ ነጠላሽን ልበሺ።»

ጨርቁን ሳትለካ አጣጠፈችው። ለመቅደስ ደወለች። ሦስታችን ወደ ሆስፒታል ሄድን።

ደም ሰጠሁ። ውጤቱ መጣ። ሐኪሜ አነበበው። እንደገና አነበበው። ቢሊሩቢን የሚባለው፣ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው፣ ከልክ በላይ ከፍ ብሏል። የጉበት ኢንዛይሞችም ከፍ ብለዋል።

«በዚህ ጉበት ቀዶ ሕክምና አይሞከርም» አለ። «አዲስ አበባም አይቀበሉዎትም።»

«ቀሪውስ?» አልኩት።

«የታመመው ቀሪው ነው።»

ዘምዘም ክንዴን ያዘች። እኔ የበሩን እጀታ አየሁ።

እባጩ የሐሞት መንገድ ዘግቶ እንደሆነ በአልትራሳውንድ ታየ፤ አልዘጋም። ቫይረሱ ተቀስቅሶ እንደሆነ ተመረመረ፤ ክኒኑ ይዞታል። ሐኪሙ የሚጠጡት የባህል መድኃኒት አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። መቅደስና ዘምዘም ባሉበት ነው የጠየቀኝ። ዓይኑን ከእኔ ሳያነሣ ቆየና ሁለቱን ውጭ እንዲቆዩ ለመናቸው። በሩ ሲዘጋ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ።

«ልቆጣዎት አይደለም፣ እናቴ። ምን እየመታው እንደሆነ ካላወቅሁ ግን የማስቆመው ነገር የለኝም።»

«አለ» አልኩ።

«ምንድን ነው?»

«አላውቅም።»

ካንሰር ነው ሲባል ያልደነገጥኩትን ድንጋጤ ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ከገዛ አፌ ነው የወጣው። ስሙን የማላውቀውን ነገር በየማለዳው ስጠጣ ነበር። ቀሪውን ጉበት ጠብቂ የተባልኩት እኔ ነኝ።

መቅደስ ስትሰማ ኮሪደሩ ላይ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሰው እየተላለፈ ያያታል። አጠገቧ ቆምኩ።

«እቴቴ፣ ያን ቀን እኮ አልጨረስኩም ነበር» አለች።

እልልታው የዋጠውን ያን ጊዜ ነገረችኝ። ከካንሰሩ ሴል ጎን በሌላ ሳህን ጤነኛ የጉበት ሴል ታሳድግ ኖሯል። መጠኑ ሲጨምር ያም ሞተ። ያን ቀን ማለት የፈለገችው «ግን ጤነኛውንም ገደለው» ነበር።

«በረኪና ባፈስበትም ካንሰሩ ይሞታል፣ እቴቴ። መግደሉ አይደለም ከባዱ። መለየቱ ነው።»

ለአያ ደርሶ ደወልንለት። ዱቄቱ ምን እንደሆነ ሐኪሙ ማወቅ እንዳለበት ነገርኩት። በስልክ አይሆንም አለ። በስልክ የማይሆን ነገር እንዳለ ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ የለምና አልተከራከርኩትም። በማግስቱ አውቶቡስ ይዞ መጣ።

በሐኪሙ ክፍል ውስጥ አራት ነበርን፤ ሐኪሙ፣ አያ ደርሶ፣ መቅደስና እኔ። አያ ደርሶ በሩን ራሱ ዘጋው። መስኮቱንም ሄዶ ዘጋው። ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ፤ ተቀመጥ ቢሉትም አልተቀመጠም።

«ልጄ፣ ይኸን ከተናገርሁ ከእጄ ወጣ ማለት ነው» አለው ሐኪሙን። «ለልጄ የማወርሰው የለኝም።»

አያ ደርሶ ወደ እኔ ተመለከተ። ቢጫውን ዓይኔን ያን ጊዜ ነው በቅርብ ያየው።

«ይውጣ» አለ።

ጎንበስ ብሎ በሐኪሙ ጆሮ ነገረው።

«ግዛዋ?» አለ ሐኪሙ፣ ጮክ ብሎ።

ግዛዋ። በቁስቋም አጥር ሁሉ ሥር የሚበቅለው። ከጓሮዬ ውኃ መድፊያው አጠገብ ያለው፣ መሐረብ ታጥቦ የሚሰጣበት። አባታችን ሊሞት ሲል ጣቱን የቀሰረበት፣ አያ ደርሶ ከደጋው ወደ ቆላ እየወረደ ማንም ሳያየው የሚቆፍረው፣ እኔ አልጠይቅም ብዬ የጠጣሁት ይህ ነበር። በየቀኑ በአጠገቡ አልፍ ነበር።

መቅደስ አፏን በእጇ ሸፍናለች።

«እኛም የሞከርነው እሱን ነው» አለች።

አያ ደርሶ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ። ሐኪሙ መጠኑን ሲጠይቀው ሳይደብቅ መለሰ። አባታችን ለታመመ ሰው የሚሰጠው በጣት ጫፍ፣ ለጥቂት ማለዳ ብቻ ነበር። «ልጅቱ ገደለው ስትል ሰማሁና እፍኝ አደረግሁት። ቶሎ ይግደለው ብዬ» አለ። ከዚያ ወደ መሬት እያየ፣ ስንቱን ሰው አጠጥቻለሁ አለ፤ ለእኛ አልነበረም የተናገረው።

ሐኪሙ አልገሠጸውም። ስሙን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ አለው፤ ይህ ተክል ጉበታቸውን የጎዳቸው ሰዎች በሌላ አገርም መታየታቸውን ነገረን፤ የእኔም ከዚያ ስለመሆኑ ግን አሁን መማል አልችልም አለ። «ዛሬ ይቁም። ጉበቱ ራሱ ይነግረናል።»

ቆመ። ቤት የቀረውን ቋጠሮ መቅደስ ወሰደችው። ጠበቅን። ቢሊሩቢኑ አልወረደም። ጠበቅን። እባጩም ይጠብቅ እንደሆነ ማንም አያውቅም። በዚያ ሰሞን ስለ ሞት አላሰብኩም፤ የማስበው ስለ ዓይኔ ብቻ ነበር፤ ማለዳ ማለዳ መስታወት ይዤ ደጅ እወጣለሁ። አንድ ማለዳ ዘምዘም በአጥሩ ላይ አየችኝና፣ እስኪ ዙሪ አለችኝ። ዞርኩ። ፖፕሊኑን ላምጣው አለችኝ።

ደሙም የእሷን ቃል አጸና። ወረደ። ቀስ ብሎ ወረደ፤ ግን ወረደ። አዲስ አበባ ተቀበሉኝ።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ብዙ አላውቅም። ብርሃን ነበር። ጭምብል ነበር። ስነቃ ጎኔ የእኔ አልነበረም። ቱቦ ነበረኝ። መተንፈስ ያማል፤ ማሳል ከዚያ ይብሳል። ቀዶ ሐኪሟ መጣች። ጠቅላላው ወጥቷል፣ ጠርዙ ንጹሕ ነው አለችኝ። ሰምቼ ተኛሁ።

ማገገሙ ግን ረጅም ነበር፤ ወደ ጎንደር ተመልሼ መጀመሪያ ከአልጋ እስከ በር፣ ኋላም ከበር እስከ ዘምዘም ቤት፣ ከዚያም ትንፋሼ እየፈቀደልኝ ሲሄድ በመቅደስ ክንድ ተደግፌ እስከ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ድረስ እየተራመድኩ፣ ከፈረሰው የእቴጌይቱ ግንብ ሥር ፀሐይ እየሞቅሁ ነው ክረምቱን ጨርሼ መስከረምን ያየሁት። በክትትሉ አልትራሳውንድ ያ መጀመሪያ ዝም ያለው ባለሙያ ራሱ ነው ያነሣኝ፤ በዚህ ጊዜ ግን ስለ አየሩ ማውራቱን ሳያቋርጥ ቀኝ ጎኔን አልፎ ሄደ፣ ኋላም የተቆረጠው ጉበቴ አድጎ ቦታውን እየሞላ መሆኑን በስክሪኑ ላይ አሳየኝ። መቀነቴን መልሼ ታጥቄያለሁ። ጠባሳው ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል፤ ሕመም ግን አይደለም።

አያ ደርሶ ያን ጊዜ ጎንደር እያለ ሐኪሙ የእሱንም ደም እንዲመረመር ጠይቆት ነበር፤ ከአንድ እናት ነንና። ቫይረሱ እሱም ላይ ተገኘ። ጉበቱ ገና ደህና ነው። በየጊዜው እየወረደ ይታያል፤ ልጆቹም ተመርምረው ነጻ የሆኑት ክትባት ወስደዋል። የእኔን መድኃኒት ስም ሊናገር ባይመጣ ኖሮ ይህን አናውቅም ነበር።

አሁን መድኃኒት ፈልጎ የሚመጣበትን ሰው ዓይን ያያል፤ ቢጫ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሂድ ይለዋል። ባለፈው ሲመጣ ግን አንድ ጆንያ ሥር ተሸክሞ መጥቶ መቅደስ ፊት ዘረገፈላት። እሷ ገና በዚያው ሥራ ላይ ናት፤ ከሥሩ ውስጥ ካንሰሩን መርጦ ጤነኛውን የሚተው ነገር ካለ ለይቶ ለማውጣት ነው የምትለፋው፤ ይገኛል ብላም አትምልም።

«ሰው ከሚጠጣው ያንቺ ሳህን ይጠጣው» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። «ዓይንሽ ሸጋ ሆኗል።»

ስሙን ግን ዛሬም አይጠራውም። ያ ነገር ነው የሚለው።

ለሐኪሜ፣ ለቀዶ ሐኪሟ፣ በፖፕሊኗ ላወቀችብኝ ለዘምዘም ምስጋናዬ ብዙ ነው። ከሁሉ በላይ ለአያ ደርሶ። እኔን ሊያድን ብሎ የጎዳኝ እሱ ነው፤ የአባቱን ውርስ በሰው ጆሮ ጥሎ ያዳነኝም እሱ ነው። ሁለቱንም ይዣለሁ።

ለእናንተ የምለው ጥቂት ነው። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ አድርጉ፤ እናንተ ላይ ከተገኘ እህት ወንድሞቻችሁና ልጆቻችሁም ይመርመሩ። የምትጠጡትን ሁሉ ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ ሁለተኛ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ። እኔ ጠበል እጠጣለሁ፤ ሐኪሜም ያውቃል። ስሙ የማይነገራችሁን ነገር አትጠጡ፤ የሰጣችሁ ሰው የቱንም ያህል ቢወዳችሁ።

ግዛዋውን ከጓሮዬ አልነቀልኩትም። ቆሞ ባለበት ምንም አላደረገኝም፤ መሐረብም ይሰጣበታል። የተናገረችው ልጅም፣ የሰጠኝ ወንድሜም አልዋሹኝም። ካንሰር የሚገድል ተክል ተገኘ ሲባል እናንተም ትሰማላችሁ፤ በሬዲዮ ወይም በማኅበር ላይ፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። የሚናገረው ሰው ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ይቀረዋል። ያቺን እስክትሰሙ ድረስ እልልታችሁን አቆዩት።